22 ጫማ፦ መኪና ቤት የሚሆነው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት ሎስ አንጀለስ አጎቴ ቤት ጥቂት ሳምንታት ሰንብቼ ነበር። ማለዳ ማለዳ በእግሬ ስንሸራሸር በሰፈሩ መንገድ ዳር በየጥቂት ርቀቱ የተተከለ ምልክት ዓይኔን ሳበው። ርዝመቱ ከ22 ጫማ ወይም ከፍታው ከ7 ጫማ የሚበልጥ ተሽከርካሪ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ማለዳው 12 ሰዓት እዚህ መቆም አይችልም፤ ከቆመ ይጎተታል ይላል። (ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼው ነው። 22 ጫማ ወደ 6.7 ሜትር፣ 7 ጫማ ወደ 2.1 ሜትር ገደማ ነው።)

«የጭነት መኪና አስቸግሯችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምን የጭነት መኪና! ለነዚያ ለአርቪዎቹ ነው። እኛው የሰፈሩ ሰዎች ፈርመን፣ ለምክር ቤት አባላችን አመልክተን ነው ያስተከልነው» አሉኝ። ቡናቸውን ፉት ካሉ በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «እኔም እኮ የመጣሁ ዓመት ሁለት ወር ያህል ታክሲዬ ውስጥ አድሬያለሁ» ሲሉ ጨመሩ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ያኔ ይህ ምልክት ቢኖር ምን ይውጥዎት ነበር?»

«ታክሲ አጭር ነው» ብለው ሳቁ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያቺ መልስ ናት። አንድ ከተማ «መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ሰፈራችን እንዲያድር አንፈልግም» ማለት ፈልጎ እንዴት «22 ጫማ» ወደ ማለት ደረሰ? ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ ላወራችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

አርቪ ለማያውቅ፦ አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው፣ እንደ አውቶቡስ የሚነዳ ወይም በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ነው። አሜሪካኖች ስም ሲያወጡለት «የመዝናኛ ተሽከርካሪ» ነው ያሉት። ዛሬ ክርክር ያስነሱት አርቪዎች ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ግን ለመዝናናት የወጡ አይደሉም። ስሙ ከአንድ ዘመን ቀርቶ ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ ከተሞች መኪና ውስጥ የሚያድር እንግዳን ደጅ ጠንተው የሚጠሩበት ነበር።

ፎርድ ርካሿን ሞዴል ቲ መኪና በገፍ ማምረት ሲጀምር መካከለኛ ኑሮ ያለው አሜሪካዊ ድንኳኑንና ድስቱን ጭኖ አገር ማየት ጀመረ። ሆቴል አይገባም፤ ከመንገድ ዳር ያድራል። ትንንሽ ከተሞች ይህን ሲያዩ ገበያ ታያቸው። ቤንዚን የሚገዛ፣ ዳቦ የሚገዛ፣ ጎማ የሚያስጠግን ሰው ነው። ስለዚህ በከተማው ዳር ወይም በመናፈሻው ውስጥ ነጻ ማደሪያ ሜዳ አዘጋጁ፤ ውኃ፣ ማገዶና መጸዳጃ ቤት ጨመሩበት። የእኛ ሜዳ ይሻላል እየተባባሉም ተፎካከሩ። በ1919 ፍሎሪዳ ታምፓ ላይ እነዚህ መንገደኞች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ «የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች» ይባላሉ፤ በየመንገዱ የታሸገ ምግብ እየከፈቱ የሚበሉ ናቸውና።

ሜዳው ነጻ ስለነበር ግን ቱሪስቱ ብቻ አልመጣም። ሥራ ፍለጋ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዞረውም ቤተሰብ በአሮጌ ፎርዱ መጣ። እሱ ለአንድ ሌሊት አይደለም የሚቆየው፤ ሥራ እስኪያገኝ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ከተሞቹ አንድ በአንድ ክፍያ ጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ 50 ሳንቲም። የቆይታ ቀን ገደቡ፤ መዝገብ ላይ ስም ማስፈር ጀመሩ። 50 ሳንቲም የከተማ ካዝና አይሞላም። ወንፊት ነበር፤ ሁለቱም መንገደኞች መኪና ውስጥ አዳሪ ስለነበሩ ለመለየት አንድ ነገር አስፈለገ፤ እሱም ዋጋ ሆነ። ብዙ ሜዳዎች ውሎ አድሮ ተዘጉ፤ የግል ማደሪያዎች፣ በኋላም ሞቴሎች ቦታውን ያዙ።

ከ1929 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ተጎታች ቤት ያን ሰሞን ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ሮጀር ባብሰን የተባለው ታዋቂ የገበያ ተንታኝ በ20 ዓመት ውስጥ ግማሹ አሜሪካዊ በተጎታች ቤት ይኖራል ብሎ እስከመተንበይ ደረሰ። (የገበያ ተንታኞችን እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ዛሬም እንሰማለን።) ግን ተጎታቹን ከገዙት ውስጥ ቤታቸውን ያጡ ብዙ ነበሩ። በ1936 በሚሺጋን ግዛት ኦርቻርድ ሌክ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር አንድ ቤተሰብ ተጎታቹን አቁሞ ሲኖር ተከሰሰ። ክርክሩ ቀላል ይመስላል፤ ጎማ አለውና ተሽከርካሪ ነው ወይስ ሰው ይኖርበታልና ቤት ነው? ዳኛው ቤት ነው አሉ። ደስ የሚል ፍርድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነበር። ቤት ከሆነ የቤት ደንብ ይመለከተዋል፤ የቤት ደንብ ደግሞ የወለል ስፋት ይጠይቃል፤ ተጎታቹ ያን አያሟላም፤ ስለዚህ ከመንደሩ ይውጣ። ይህን ፍርድ ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ከ85 ዓመት በኋላ ሲያትል ላይ ተገልብጦ ይመጣል።

በዚያው ዓመት በየካቲት የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ ማመን የሚያቅት ነገር አደረገ። 136 ፖሊሶችን ከከተማው አውጥቶ በካሊፎርኒያ ድንበሮች ላይ አሰለፈ፤ ከአሪዞና፣ ከኔቫዳና ከኦሪገን ጋር በሚዋሰኑት። አንዳንዱ ቦታ ከሎስ አንጀለስ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። የከተማ ፖሊስ የክፍለ ሀገር ድንበር ላይ ቆሞ፣ የአገሩን ዜጋ «መተዳደሪያ አለህ? ገንዘብ አሳየኝ» እያለ አሮጌ መኪናዎችን ወደ መጡበት ይመልስ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆየ፤ ከዚያ ቀረ።

ፖሊሱ ቢመለስም ድሃን ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባትን ወንጀል የሚያደርገው የክፍለ ሀገሩ ሕግ በመጽሐፍ ላይ ነበር። በ1939 መጨረሻ ኤድዋርድስ የተባለ ሰው ከካሊፎርኒያ እስከ ቴክሳስ ነድቶ የሚስቱን ወንድም ይዞት መጣ። አማቹ ሥራ የለውም፤ ሲደርሱ ኪሱ ውስጥ የቀረ ሳንቲም አልነበረም። ኤድዋርድስ «ድሃ አስገብተሃል» ተብሎ ተከሰሰ፤ የ6 ወር እስራትም በገደብ ተፈረደበት። የሚስትን ወንድም ከገጠር ማምጣት ወንጀል! የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በኅዳር 1941 ሕጉ ወደቀ። ዳኛ በርንስ በጻፉት ውሳኔ ድሃ መሆንና ምግባረ ብልሹ መሆን አንድ ነገር እንዳልሆኑ በግልጽ አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ «ድሃ አትግባ» ማለት አልቻለም። ግን የአካባቢ አስተዳደሮች ሌላ የቆየ መሣሪያ ነበራቸው፤ «ሥራ ፈት መንገደኛ» የሚል ክስ። መኖሪያ የሌለውን፣ ያለ ምክንያት የሚዘዋወረውን ሁሉ በዚህ ማሰር ይቻል ነበር። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከተማ ጉዳይ ይህንንም ጣለው፤ ምክንያቱም ሕጉ ከመስፋቱ የተነሣ ፖሊሱ ያልወደደውን ሁሉ ሊያስርበት ይችላል። እንግዲህ «አትግባ» ተከለከለ፤ «ማን ነህ» ተከለከለ። የቀረው «እዚህ አትቁም» ነው።

በእነዚህ ዓመታት አርቪ ራሱ ሌላ ሕይወት አግኝቶ ነበር። በ1966 አዮዋ ውስጥ ዊኔባጎ የተባለ ኩባንያ ሞተር ያላቸውን አርቪዎች በመደዳ ማምረት ጀመረ፤ ዋጋውም ከተፎካካሪዎቹ በግማሽ ያህል ያንስ ነበር። መካከለኛው መደብ ገዛ። በበጋ ሁለት ሳምንት ይወጣበታል፤ ሃምሳውን ሳምንት ደጁ ላይ ያቆመዋል። ጎረቤትም ተማረረ፤ መስኮት ጋረደብን፣ የሰፈሩን መልክ አበላሸ፣ የቤታችንን ዋጋ አወረደ እያለ። በየከተማው «ከፊት ለፊት ግቢ አታቁም» የሚል ደንብ ወጣ። የዚህ ዘመን ጠብ በባለቤቶች መካከል ነበር፤ አስቂኝም አይጠፋውም። ማያሚ አጠገብ ያለችው ኮራል ጌብልስ ፒክአፕ መኪና እንኳ በመኖሪያ ሰፈር ሌሊት በገዛ ደጅህ እንዳታቆም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትከለክል ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ካልደበቅኸው በቀር። ፒክአፕ የሠራተኛ መኪና ነውና። ነዋሪው በድምፅ ክልከላውን ያላላው በ2012 ነው። እንዲህ ያለው ጠብ ቢያንስ ማንንም ቤት አያሳጣም፤ አርቪው ቢነሳ ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ችግር የመጣው ይኸው የመልክና የዋጋ ደንብ ሳሎን የሌለውን ሰው ሲያገኝ ነው።

ሎስ አንጀለስ በ1983 አንድ ደንብ አወጣች፤ ቁጥሩ 85.02። በከተማው መንገድ ላይ ወይም በሕዝብ ማቆሚያ ማንም ሰው ተሽከርካሪን «እንደ መኖሪያ» እንዳይጠቀም ይከለክላል። መኖሪያ ማለት ምን እንደሆነ አይናገርም። ለረጅም ጊዜ ያን ያህል አላነጋገረም። በ2010 ግን ቬኒስ የተባለው የባሕር ዳር ሰፈር ተጋጋለ። ቤት በሚሊዮኖች የሚሸጥበት ሰፈር ነው፤ መንገዱ ዳር ደግሞ አርቪዎች ተሰልፈዋል። ነዋሪዎች ሌሊት በፈቃድ ብቻ የሚቆምበት ሥርዓት ጠየቁ፤ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን ባሕሩ የሁሉም ነው፣ መንገዱን ለነዋሪ ብቻ አታድርጉት ብሎ ከለከላቸው። በመስከረም ሕዝባዊ ስብሰባ ተጠራ፤ ከዚያም ፖሊስ 21 መኮንኖች ያሉት ግብረ ኃይል አቋቁሞ 85.02ን ማስፈጸም ጀመረ።

የተያዙት ሰዎች ታሪክ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ተጽፏል። አንዱ የራሱ ድርጅት የነበረውና በኢኮኖሚ ቀውሱ የከሰረ ነው። ሌሊት የሚያድረው በመንገድ ላይ ሳይሆን ሰው በፈቀደለት የግል ቦታ ነበር፤ የተያዘው ግን ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲጠባበቅ ነው። ሌላው ከዝናብ ለመጠለል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተያዘ። አንዲት ሴት ደግሞ አርቪዋን እየነዳች በሰፈሩ ስታልፍ በዚህ ደንብ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ልብ በሉ፣ እየነዳች! መተኛት ብቻ ነው የተከለከለው የተባሉት መተኛቱን ትተው ነበር፤ ብርድ ልብሳቸውና ምግባቸው መኪናው ውስጥ ስለተገኘ ተቀጡ።

በሰኔ 2014 የፌደራሉ 9ኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ዳኛ ሃሪ ፕሬገርሰን የጻፉት ውሳኔ መሠረቱ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው ምን ሲያደርግ ነው ሕጉን የሚጥሰው? መኪና ውስጥ መብላት ከሆነ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የማይበላ ሹፌር የለም። የመኝታ ከረጢት መጫን ከሆነ ለሽርሽር የሚሄድ ሁሉ ይጭናል። በዚያ ደንብ ቃል ከሄድን ቤተሰቡን ይዞ በአርቪ ወደ ባሕር የሚሄደው ቱሪስትም ጥፋተኛ ነው፤ ግን አንድም ፖሊስ አይነካውም። ልዩነቱ መኪናው ላይ የለም፤ የሚነዳው ሰው ላይ ነው። ሕግ ደግሞ እንዲህ ሊሠራ አይችልም ተባለ።

አጎቴን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። እሳቸው ታክሲያቸው ውስጥ ያደሩት ከ1983 በኋላ ነው፤ ደንቡ ያኔም ነበር። አጭር መኪና ረጅም መኪና ብሎ አይለይም።

ፍርዱን ያነበቡ የከተማ ጠበቆች አንድ ነገር ተማሩ። «መኖር» የሚለው ቃል ያሸንፈናል፤ እንግዲህ ስለ ሰው አናውራ፤ በሜትር እንለካ። ሎስ አንጀለስ በ2016 መጨረሻ «መኖርን» በዝርዝር ተርጉማ፣ በመኖሪያ ሰፈር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ማለዳ 12 ሰዓት የሚከለክል ሁለተኛ ደንብ አወጣች፤ እየተራዘመ ቆይቶ ጊዜው አልፎበት ቀረ። በሥራ ላይ የቆየው የመለኪያው ደንብ ነው። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ከተሞች ማቆሚያ እንዲገድቡ ይፈቅዳል፤ ለሹፌሩ የሚታይ ምልክት መተከል አለበት። ስለዚህ መንገድ በመንገድ ነው የሚሄደው፤ ነዋሪ ይጠይቃል፣ የምክር ቤቱ አባል ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፣ ምልክት ይተከላል። አርቪው ወደሚቀጥለው መንገድ ይሄዳል። የሚቀጥለው መንገድ ነዋሪ ደግሞ በተራው ይጠይቃል። አጎቴም የፈረሙት ከጎን ያለው መንገድ ምልክት ከተተከለበት በኋላ ነው፤ «ሁሉም እኛ ጋ መጣ» ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው።

ሰዓቱን እንመልከተው። ምክንያቱ ትራፊክ ነው ከተባለ፣ ረጅም መኪና እይታ የሚጋርደው ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ሰው ወደ ሥራ ሲወጣ ነው። ከሌሊቱ 8 እስከ ማለዳ 12 መንገዱ ባዶ ነው። በዚያ ሰዓት ከመኪና ጋር የሚደረግ አንድ ነገር ቢኖር መተኛት ነው። ምልክቱ «መተኛት» የሚለውን ቃል አልጻፈም እንጂ ሌላ የሚለው ነገር የለውም።

ማውንቴን ቪው ይህን ይበልጥ አራቀቀችው። የጎግል ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ከተማ ናት። የቤት ኪራይ ጣሪያ ሲነካ በዚያው ከተማ የሚሠሩ ሰዎች አርቪ ውስጥ ገቡ። ምክር ቤቱ በ2019 ስፋታቸው 40 ጫማና ከዚያ በታች በሆኑ መንገዶች ላይ ትልልቅ ተሽከርካሪዎች እንዳይቆሙ ደነገገ፤ ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ለሕዝበ ውሳኔ አስቀረቡት፤ በኅዳር 2020 መራጩ አጸደቀው። ስለ ጠባብ መንገድ ደኅንነት ነው ተባለ። ነገር ግን 40 ጫማ 12 ሜትር ነው፤ የከተማው መንገድ አብዛኛው በዚያ ውስጥ ይወድቃል። ክስ ቀረበ፤ በ2022 በስምምነት ሲያልቅ ከተማው ቢያንስ 3 ማይል መንገድ ለአርቪ ክፍት ሊያደርግ ቃል ገባ።

ወደ ሲያትል እንሂድ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ይህን ከምታነቡት መካከልም አትጠፉም። እዚያ ሁለት ደንቦች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው ስፋቱ ከ80 ኢንች (2 ሜትር ገደማ) የሚበልጥ ተሽከርካሪ ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ 12 ሰዓት መንገድ ላይ እንዳያድር ይከለክላል፤ የፋብሪካ ሰፈሮች ሲቀሩ። የሲያትል አርቪዎች በመጋዘንና በባቡር ሐዲድ አካባቢ ተሰልፈው የምታዩዋቸው ለዚህ ነው፤ ወደው አይደለም። ሁለተኛው የ72 ሰዓቱ ደንብ ነው፤ ማንኛውም መኪና በአንድ ቦታ ከ3 ቀን በላይ አይቆምም። (ለበዓል አገር ቤት ሄዳችሁ መኪናችሁን መንገድ ዳር የምትተዉ፣ ይህቺን አስታውሱ።)

በ2016 አንድ ሠራተኛ ፒክአፑን የከተማው በሆነ ባዶ ቦታ አቁሞ ይኖርባት ነበር። መሣሪያዎቹም እዚያው ናቸው፤ በእነሱ ነው የሚሠራው። ፒክአፗ ብልሽት ነበረባት፤ ማንቀሳቀስ አልቻለም። ሌሊት ሥራ ላይ ሳለ ተጎተተች። ሲመለስ ማደሪያው የለም፤ መሬት ላይ አደረ። ለማስለቀቂያ የተጠየቀው ከ900 ዶላር በላይ ሲሆን ወደ 557 ዶላር ተቀነሰለት፤ በየወሩ 50 ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ካልተስማማ ፒክአፗ በጨረታ ልትሸጥ ነበር።

ሲያትል በሎንግ ላይ የሚባለው ይህ ጉዳይ በነሐሴ 2021 በዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወሰነ። የግዛቲቱ ሕግ የሰውን መኖሪያ ከባለዕዳ የሚጠብቅበት የቆየ ድንጋጌ አለው፤ ቤትህን ለዕዳ ብለው አይሸጡብህም። ፍርድ ቤቱ ፒክአፗ ሰውዬው ዋና መኖሪያው አድርጎ እስከኖረባት ድረስ መኖሪያ ናት አለ። ኦርቻርድ ሌክን አስታወሳችሁ? እዚያ «ቤት ነው» የተባለው ሊያባርሩበት ነበር፤ እዚህ «ቤት ናት» የተባለው ሊጠብቁበት ነው። ሽያጭ ገና ስላልተሞከረ በዚያ ድንጋጌ ብቻ ሙሉ በሙሉ አልረታም፤ ቅጣቱ ግን ከአቅሙ ጋር ሲመዘን ከልክ ያለፈ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ይህን ይከለክላል ተባለ። ፍርዱ የ72 ሰዓቱን ደንብ አልሻረውም። ከተማው መኪና መጎተት ይችላል። ግን በመጎተቻው ሂሳብ የሰውን ቤት መያዣ ማድረግ እንደ ተራ የፓርኪንግ ቅጣት የሚታይ ነገር መሆኑ ቀረ።

አሁን የነዋሪውን ወገን ልናገር፤ አጎቴን የማውቃቸው ክፉ ሰው ሆነው አይደለምና። አርቪ የቆሻሻ ታንከር አለው፤ የሚደፋበት ልዩ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ጣቢያው ሩቅ ከሆነና መኪናው ካልተነሳ ፍሳሹ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ይሄዳል፤ የሎስ አንጀለስ የዝናብ ቦይ ደግሞ ሳይጣራ ባሕር ነው የሚገባው። የጋዝ ሲሊንደር ይፈነዳል፣ ጄነሬተር ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ከዚህም የባሰ አለ፤ የማይነዱ አሮጌ አርቪዎችን በርካሽ ገዝተው መንገድ ዳር አቁመው ለድሃ የሚያከራዩ ሰዎች አሉ። ይህን ሁሉ እያየ «ምን አገባኝ» የሚል ጎረቤት እኔም አላደንቅም።

ጥያቄዬ ምልክቱ ከእነዚህ የትኛውን ይከለክላል የሚለው ነው። ፍሳሽ የሚደፋ 20 ጫማ መኪና ምልክቱ አይመለከተውም። ንጹሕ፣ ዝም ያለ፣ ታርጋው የታደሰ 23 ጫማ መኪና ግን ይጎተታል። ፍሳሽ አትድፋ፣ ጄነሬተር ሌሊት አታስነሳ፣ መገናኛ መንገድ ላይ አታቁም የሚል ደንብ ሰውዬው ሊያከብረው ይችላል። «ከ22 ጫማ አትለፍ» የሚለውን እንዴት ያክብር? ቤቱን አያሳጥረው!

ሳንታ ባርባራ በ2004 ሌላ መንገድ ሞከረች። የአብያተ ክርስቲያናት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆሚያ ሌሊት ባዶ ነው። በየማቆሚያው ጥቂት ጥቂት መኪና በፈቃድ ማታ ገብቶ ጠዋት እንዲወጣ ተደረገ፤ መጸዳጃ አለ፣ ቤት የሚያፈላልግ ሠራተኛ አለ። ብዙ ከተሞች ቀድተውታል። ጉድለቱ ቦታው ማነሱ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ትንሽ መኪና እንጂ አርቪ አይቀበሉም። ታክሲ አጭር ነው፤ ይገባል።

በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግራንትስ ፓስ ጉዳይ 6 ለ3 ወሰነ፤ ኦሪገን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሕዝብ ቦታ ማደርን የሚቀጣ ደንብ፣ ሰውዬው ሌላ መጠለያ ባይኖረውም እንኳ፣ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥት ድንጋጌ አይጥስም ተባለ። የዚያች ከተማ ደንብ መኪና ውስጥ ማደርንም ይጨምር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ርዝመቱ ከ22 ጫማ ወይም ከፍታው ከ7 ጫማ የሚበልጥ ተሽከርካሪ በመላው ከተማ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆም ወሰነች። እስከ ግንቦት መጨረሻ 2025 ድረስ በከተማው መዝገብ የተገኙት ለጊዜው ፈቃድ ያገኛሉ፤ መጠለያም ይቀርብላቸዋል፤ በኋላ የመጣ ግን የለውም። መዝገብ፣ የቆይታ ገደብ፣ ወንፊት፤ 50 ሳንቲሟ ብቻ ነው የጎደለችው።

ከሎስ አንጀለስ ልወጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ስለ 1983ቱ ደንብ ለአጎቴ ነገርኳቸው። «እርስዎም እኮ ሕገ ወጥ ነበሩ» አልኳቸው እየቀለድኩ።

አልሳቁም። ትንሽ ቆዩና፣ «አንድ ሌሊት ፖሊስ በመስታወቱ ባትሪ አበራብኝ» አሉ። «ባለታክሲ ነህ? አለኝ። አዎ፣ ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኩት። እሺ ብሎኝ ሄደ።»